ሠላሳ መሳቢያና አንዲት ጳጉሜን

የቀለጠ እርሳስ ሽታ ለእኔ የወጣትነቴ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አዲስ ዝናብ የመታው አፈር ሲሸተው ልቡ ይሸፍታል፤ እኔ ግን ካውያ ግሎ እርሳሱ ሽቦው ላይ ሲፈስ፣ ያ መረር ያለ ጢስ አፍንጫዬ ሲደርስ ነው የምሸፍተው። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ልጄ ገነት እዚሁ ቢቸና ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ለተማሪዎቿም በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎች የሚገጣጠሙበትና የሚጠገኑበት ክበብ አቋቁማለች። የክበቡን ዕቃ በማዳበሪያ ከትታ አመጣችና በረንዳዬ ላይ ዘረገፈችው። ጎማው፣ ዲናሞው፣ ጥርሱ፣ ብሎኑ፣ የተቆራረጠው ሽቦ፣ ሁሉም በየፌስታሉ ተቋጥሮ፣ ፌስታሉም ተቀድዶ፣ አንዱ ካንዱ ተደባልቆ። ከዚያ ካውያዋን ሰክታ የአንዷን መኪና ሽቦ ልትበይድ ተቀመጠች። ሽታው መጣ። እኔም ጋቢዬን እንደ ደረብኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ሞጣ ገባሁ።

«አባዬ» አለችኝ ገነት ቀና ሳትል፣ «ይህን ሁሉ ምን ላድርገው? ብሎን ስፈልግ ጎማ አገኛለሁ፤ ጎማ ስፈልግ ደግሞ ምንም አላገኝም። ያን የድሮ ሳጥንዎን ለምን አይሰጡኝም?»

«የትኛውን?»

«ባለ ብዙ መሳቢያውን ነዋ። የራዲዮ ማስቀመጫ አድርገውት የለ?»

ልሰጣት አልፈለግሁም። ሳጥኑ ውድ ሆኖ አይደለም። በሕይወቴ ከነበሩኝ ወዳጆች ሁሉ አብልጬ የምወደውን ሰው ያጣሁት በዚያ ሳጥን ምክንያት ነው። ገነት ነገሩን በግማሹ ታውቃለች፤ «ሞጣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነበር፣ ዕቃ ወሰደብኝ፣ ተለያየን» ብያት ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ለራሴም ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ፀጉሬ ጥቁርና ክምር እንደ ነበር፣ የቴትሮን ሱሪዬም ታችኛው ጫፍ ሰፍቶ የገበያውን አቧራ ይጠርግ እንደ ነበር ብቻ ልንገራችሁ። ሞጣ ላይ ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ስኳሩ እስኪያንገሸግሽ። እኔና ሰይድ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በዳቦ ቤቱና በቆርቆሮ ሻጩ መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ራዲዮና ቴፕ እንጠግን ነበር። እኔ ከቢቸና እንጀራ ፍለጋ የሄድኩ፣ ሰይድ እዚያው ሞጣ ተወልዶ ያደገ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ቀጭን ረጅም ነበር፤ ሲሠራ ያፏጫል፣ ሲናደድ ማፏጨቱን ያቆማል። በየሳምንቱ አንድ ካሴት ከተማውን ይይዘው ነበር። ዳቦ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ የአውቶቡሱ ሾፌርም ያንኑ ዘፈን ይከፍታሉ፤ እኛም የተበላሸውን ቴፕ ሁሉ የምንሞክረው በእሱ ስለ ነበር እኩለ ቀን ሳይደርስ ዘፈኑ ይሰለቸናል። አሁን ግን ግጥሙን አጥቼው ዜማው ብቻ ነው የቀረኝ። ገበሬው ደግሞ የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ሊዘራበት ይሞክር ነበር። የሱቃችን በራፍ በጠዋት ፀሐይ ላይ በተሰጣ የሰው ሁሉ ድንጋይ ተሞልቶ ሳየው ቅር የሚለኝ ነገር አልነበረም።

ሱቃችን ተዘግቶ አያውቅም። ዓርብ ሰይድ ለጁምዓ ሲሄድ እኔ እጠብቃለሁ፤ በበዓል እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሱ ይጠብቃል። ሰው «እናንተ ሁለት ሆናችሁ አንድ ሙሉ ሰው ናችሁ» ይለን ነበር፤ ይቀልድብን እንደ ነበር ይገባኛል፤ እውነትም ግን ነበር።

እንደ ገነት ያሉ ሁለት የሪሞት መኪናዎች ያመጣልን ያሬድ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ ለሥራ ሞጣ የተመደበ፣ ብርዱ ያልተስማማው፣ ካፖርቱን በግንቦትም የማያወልቅ ሰው። ወንድሙ መርከብ ላይ ይሠራ ነበርና ከሄደበት አገር ሁለት የሪሞት መኪና፣ አንድ ቀይ አንድ ሰማያዊ፣ ከአንድ ካርቶን ሙሉ መለዋወጫ ጋር ልኮለት ነበር። ሲበላሹበት እኛ ዘንድ ያመጣቸዋል። እኔና ሰይድ የመጀመሪያ ቀን የቀዩን መኪና ሆድ ከፍተን ስናየው ጭንቅላታችን እስኪጋጭ አጎነበስንበት። ራዲዮ ነው፤ ግን የሚሄድ ራዲዮ። መምህሩ ዝውውር ሲደርሰው ካርቶኑን ከነመኪናዎቹ ሱቃችን አስቀምጦ «ከእኔ ጋር ቢሄዱ መንገድ ላይ ያልቃሉ፤ እናንተ ጋ ይኑሩ» ብሎን ሄደ። ካፖርቱን እንደ ለበሰ በአውቶቡሱ መስኮት ሲያውለበልብልን ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ያን ካርቶን ማደራጀት የእኔ ዕጣ ሆነ። እኔ ነገር ሳይሰተር እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ «አንተ ብትሞት መቃብርህን ራስህ ታስተካክላለህ» ትለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የመድኃኒት መደብር ሲዘጋ የመድኃኒት ሳጥኑ ተሸጠ፣ እኔም ገዛሁት። ስድስት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት አምስት መሳቢያ፤ ሠላሳ። ከሥሩ ደግሞ የሳጥኑን ወርድ ያህል የምትረዝም አንዲት ስስ መሳቢያ። ሠላሳ ሲባል ሌላ ምን ትዝ ይለኛል? የወሩ ቀኖች ናቸው። መሳቢያዎቹን በየዕለቱ ቅዱሳን ስም ሰየምኳቸው። አንድ ቁጥር ልደታ፣ ሰባት ቁጥር ሥላሴ፣ እያልኩ እስከ ሠላሳ። ከሥር ያለችውን ስሷን ጳጉሜን አልናት።

ዕቃው የገባው በዘፈቀደ አይደለም። ሦስት እግር ያላቸው ትራንዚስተሮች ሥላሴ ገቡ። ጻድቁ በዘንዶ ተራራ ወጡ ይባላልና ሽቦው ሁሉ አቡነ አረጋዊ ገባ። ገብርኤል ከእሳት ያወጣ ነውና ፊውዙ እሱ ዘንድ። ጊዮርጊስ ፈረሰኛ ነውና ዲናሞና ጎማ። ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግር የቆሙ ናቸውና አንቴና። ባትሪ ድንጋዩን የት እናድርገው ስንል ሰይድ ነው «ያ በድንጋይ የተወገረው ማን ነበር ያልከኝ?» ብሎ የጠየቀኝ። ድንጋዩ እስጢፋኖስ ገባ። እኔ ደንገጥ ብዬ ነበር፤ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አልተገኘለትም። ሰይድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳውን ቅዱሳን ከነቀናቸው በቃሉ ያዘ። ደንበኛ መጥቶ «ፊውዝ አለ?» ሲል ሰይድ «ገብርኤልን ልየው» እያለ ሲሄድ የማያውቀው ሰው ግራ ይጋባ ነበር።

ማርያም ውስጥ የገባችው ክሪስታል ናት። ክሪስታል ከጥፍር የማትበልጥ፣ ሁለት እግር ያላት፣ ብርማ ነገር ነች። ሁልጊዜም ጥንድ ናት፤ አንዷ ሪሞቱ ውስጥ ትሰካለች፣ አንዷ መኪናው ሆድ ውስጥ። ጥንዶቹ ከተለያዩ ሪሞቱ ቢጮህ መኪናው አይሰማም፤ ምትክም እንኳን ሞጣ አዲስ አበባም አይገኝም። የገነት መኪናዎች ክሪስታል የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ቁልፍ ስትጫን ሪሞቱና መኪናው ራሳቸው ተፈላልገው ይገናኛሉ። ስታሳየኝ ቀናሁ። የእኛዎቹ ግን ሲነዱ እየነጠሩ ክሪስታላቸውን ይጥሉ ስለ ነበር፣ ነድተን ስንጨርስ ከመኪናው ነቅለን ማርያም መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣቸው ነበር። የቀዩ ቀይ ክር፣ የሰማያዊው ሰማያዊ ክር ታስሮባቸው።

አንድ ቀን ራዲዮአቸውን ሊያሠሩ የመጡ መሪጌታ ሳጥኑን ትኩር ብለው አዩት። እኔ ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ፂማቸውን እየዳበሱ «ቅዱሳኑን በሥራ አስገባሃቸዋ፤ ይሁን። በየቀናቸው ግን አሳርፋቸው» አሉኝ። ከዚያን ዕለት ወዲያ ሕግ ሆነብኝ። በአሥራ ሁለት የሚካኤልን መሳቢያ አልከፍትም፤ በሃያ አንድ የማርያምን አልነካም። ሰው «ፊውዝ» ብሎ በገብርኤል ቀን ቢመጣ ነገ ተመለስ እለው ነበር። ሰይድ በዚህ አንድም ቀን አልቀለደብኝም። የሚገርመኝ ግን በገብርኤል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፊውዝ የፈለገው ሰው ፊውዙን አግኝቶ ሄዷል። «መሳቢያውን ከፈትኸው እንዴ?» ስለው «ኧረ አልነካሁትም፤ ከጎን የነበረች አንዲት አግኝቼ ነው» ይለኛል። እኔም ከጎን የነበረች ሲለኝ ከጎን የነበረች ብዬ አምኜ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ደረስኩ። የጥር አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ቀዩንና ሰማያዊውን ልናሽቀዳድም ከሰይድ ጋር ተስማምተናል፤ ወሬው ቀድሞን ከተማውን አዳርሶታል። ቀዩን የምነዳ እኔ፣ ሰማያዊውን ሰይድ። እኔ ታቦት ሸኝቼ፣ ነጭ ለብሼ፣ ዘግይቼ ወደ ሱቁ ስደርስ ሰይድ የለም፤ ሰው ጎትቶ ወደ ሜዳው ወስዶታል። ቀዩ መኪና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱ ባዶ ነው። ክሪስታሉን በዋዜማው ከመሳቢያው ማውጣት ረስቼ ነበር። ክሪስታሉ ማርያም ውስጥ፣ ቀኑ ማርያም። ቆሜ አሰብኩ። ከሜዳው ጩኸት ይሰማኛል። አማተብኩና መሳቢያውን ሳብኩት።

ባዶ ነበር። ቀይ ክር ያላትም የለችም። የሰማያዊዋ አለመኖር አልገረመኝም፤ ሰይድ ወስዶ ሰክቷታል። የእኔን ግን ማን ወሰዳት? ከጎን ያለውን ሳብኩ። ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ በኋላ እጄን የሚያስቆመው አልነበረም፤ ከልደታ ጀምሬ ሠላሳውን መሳቢያ አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ በማርያም ቀን፣ በነጭ ልብሴ። የለችም።

ሜዳው ላይ ስደርስ ሰማያዊው መኪና አቧራ እያስነሣ ሰው መሐል ይሽከረከራል፤ ሰይድ ሪሞቱን ይዞ እየሳቀ ያፏጫል። ያ ሳቅ ለእኔ ሌላ ትርጉም ነበረው። ብቻውን ሊያሸንፍ፣ ብቻውን ሊጨበጨብለት መሰለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማኝ «ክሪስታሌን መልስ፣ ሌባ» አልኩት።

ማፏጨቱን አቆመ። መኪናውን አጠፋው። «ከሳጥኑ አልወጣችም» አለኝ።

«ሠላሳውንም ከፍቼ አይቻለሁ።»

ሰይድ ወደ እኔ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሠላሳውንም? በማርያም ቀን?» አለ። እኔ በሃይማኖቴ የተሳለቀ መስሎኝ ነበልባል ሆንኩ። ዛሬ ያን ፊቱን ሳስታውሰው ስላቅ አልነበረበትም፤ ግን ያኔ ዐይኔ ምን ያያል።

ሽማግሌ ገባ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር ለመነኝ። እኔ «መጀመሪያ ክሪስታሌን ያምጣ» አልኩ። ሰይድ «የምለውን ብያለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዎቹም ካርቶኑም እሱ ጋ ቀሩ፤ እኔ ሳጥኔን ይዤ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። በጭነት መኪና አናት ላይ መሳቢያዎቹ ተከፍተው እንዳይረግፉ የላይኛውን በገመድ አሰርኩ፤ ከሥር ባለችው በጳጉሜን ላይ ደግሞ ሳንቃ ቸነከርኩባት። ቢቸና ስደርስ ገመዱን ፈታሁ፤ ሳንቃውን ግን እንዳለ ተውኩት፣ ሳጥኑ እንዳይነቃነቅ እግር ሆኖት ነበርና። ጳጉሜንስ ምን አላት ብዬ ነው የምከፍታት? የተጣመመ ምስማርና የማይረባ ነገር ሁሉ ሰይድ እዚያ የሚጥል ይመስለኝ ነበር። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ራዲዮ ጥገና በሞባይል ዘመን ሲሞት አየሁ። ሳጥኑ ላይ ራዲዮዬን አስቀምጬ ዜና አዳምጥበታለሁ። ከቢቸና ሞጣ ደብረ ወርቅን አልፎ ነው፤ ከአገር አገር አይባልም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ግን ሞጣን ረግጫት አላውቅም፤ ለባሕር ዳር ጉዳይ ሲኖረኝ እንኳ በደብረ ማርቆስ ዞሬ እሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ለካ ገነት መልሴን ሳትጠብቅ ሳጥኑን ከቤት ጎትታ በረንዳው ላይ አውጥታዋለች። አቧራውን ጠረገች፤ የጠፉትን ቁጥሮች በጣቷ ዳሰሰች። «ይህ ሳንቃ ምንድን ነው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ መዶሻ አመጣች። የእኔ ልጅ ናት፤ የማያስፈልግ ነገር አይቶ የማለፍ አቅም የላትም። ምስማሩ ዝጎ ስለ ነበር ሳንቃው በቀላሉ ተላቀቀ።

«ውይ፣ ሌላም መሳቢያ ነበረው?»

«ተይው፣ ቆሻሻ ነው።»

እሷ ግን ሳበችው። ቆሻሻ አልነበረም። በሲጋራ ወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ጥቅሎች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረውበታል፤ በየጥቅሉ ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ የሰይድ ጠማማ የእጅ ጽሕፈት። ገነት አንዱን አንሥታ አነበበች። «የገብርኤል ዋዜማ።» ስትፈታው ሁለት ፊውዝ። ሌላ አነሣች። «የሚካኤል ዋዜማ።» ሦስት ትንንሽ የዲናሞ ጥርስ። «የተክለ ሃይማኖት ዋዜማ።» የአንቴና ጫፍ። «አባዬ፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

ጽሕፈቱን አንድ በአንድ አነበብኩት። ገብቶኝ ነበር። እኔ በአሥራ ሁለት ሚካኤልን እንዳልከፍት፣ ሰይድ በአሥራ አንድ ማታ፣ እኔ ሱቁን ለቅቄ ስወጣ፣ ነገ የሚፈለገውን ገምቶ ያወጣልኝ ነበር። ከጎን የነበረች ይለኝ የነበረው ይህን ነው። ጳጉሜን የማንም ቀን አይደለችምና ሁልጊዜ ትከፈታለች ብሎ እዚያ ያኖረዋል። ሳይፈለግ የዋለው ለሚቀጥለው ወር ይቀመጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በመጨረሻ ከጥጉ ላይ የነበረውን ጥቅል ራሴ አነሣሁት። «የማርያም ዋዜማ፤ የጌቴ» ይላል። ጌቴ እኔ ነኝ፤ ጌታነህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ወረቀቱ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ውስጡ ቀይ ክር የታሰረባት ክሪስታል። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር መሆኑን ያወቅሁት በእናቴ ጀርባ ሳለሁ ነው፤ ያን ዕለት ግን ሠላሳ ቆጥሬ ሁሉንም ያየሁ መሰለኝ። ልጄ ፊት አለቀስኩ። ካውያዋን ነቅላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሳምንት ሳይሞላ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን፣ ጳጉሜንን ከሳጥኗ አውጥቼ በነጠላ ጠቅልዬ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «አባ፣ ዕቃውን ላይ እንጫነው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ጫንኩባት። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት «ምን ይዘው ነው አባቴ?» ብትለኝ «ጳጉሜንን» አልኳት። አርጅቶ ይቀባዥራል ብላ መሰለኝ ፊቷን አዞረች። ደብረ ወርቅ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ሲጠጣም እኔ አልወረድኩም። በመስኮት የማየው ሜዳ ሁሉ ያው ነበር፤ የጤፉ ማሳ፣ ባሕር ዛፉ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው አገር ሳያረጅ እኔ ብቻ ያረጀሁ መሰለኝ። ሰይድ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ይህን ማንንም ጠይቄ ባለማወቄ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስረግም ሄድኩ።

ሞጣ ተለውጣለች። ዳቦ ቤቱ የለም፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። የቆርቆሮ ሻጩ ቦታ ባንክ ሆኗል። መናኸሪያው አጠገብ የቆመ ባጃጅ ነጂ ግን «ሼህ ሰይድ ራዲዮ?» አለኝ ስሙን ስጠራለት፤ ወስዶም መስጊዱን አልፎ ካለች የሞባይል መጠገኛ በር ላይ አወረደኝ። ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው አጎንብሶ ስልክ ይፈታል። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ የላስቲክ ዕቃ መያዣዎች ተደርድረዋል። ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ፊቱ የቆመ ደንበኛ «ፊውዝ» ይል ይሁን «ባትሪ» ልሰማው አልቻልኩም፤ ጥግ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የተቀመጠው፣ አንድ ዐይኑን ሞራ የሸፈነው ሽማግሌ ግን «ኑሩ፣ እስጢፋኖስ ውስጥ እየው» አለው ጎልማሳውን።

ድምፁን ለየሁት፤ ሰይድ ነበር። ኑሩ የሰይድ ልጅ መሆኑ ነው፤ ቀና ብሎ «ግቡ አባት፣ ምን እንታዘዝ?» አለኝ። እኔ ወደ ጥጉ ሄድኩና ነጠላውን ፈትቼ መሳቢያዋን ሰይድ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ እኔ መሳቢያ ተሸክሜ ነው የሄድኩት።

ጣቶቹ ጠርዟን ዳሰሱ። ጥቅሎቹን ነኩ። ቀና ሳይል «ጌቴ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ።»

«አረጀህ?»

«አርጅቻለሁ።» ከዚያ የመጣሁበትን አወጣሁት። «ሰይድ፣ ሌባስ እኔ ነኝ። በሰው ፊት ስምህን ወስጄ ይህን ሁሉ ዘመን ይዤብህ ኖርኩ። ይቅር በለኝ።»

ኑሩ የያዘውን ስልክ አስቀምጦ ያየናል። «ከቅዳሴ ስትመለስ ቦታዋን ልነግርህ ነበር» አለ ሰይድ፣ «ዘገየህ፣ እኔንም ሰው ጎትቶ ወሰደኝ። ሌባ ካልከኝ በኋላ ባሳይህማ፣ ሲጨንቀው መለሳት ትለኝ ነበር። እሱን ፈርቼ ተውኩት።» ጥቅሎቹን በጣቱ እየነካካ ጨመረ። «ስድቡስ ወዲያው አለፈልኝ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ስምንት ዓመት እንዳትከፍታቸው ስጠብቅልህ ኖሬ፣ በአንድ ከሰዓት ሠላሳውንም ከፈትካቸው።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩት። እሱም ትከሻዬን ይዞ አነሣኝና ከጎኑ አስቀመጠኝ። «ኑሩ» አለ፣ «ያን ካርቶን አምጣው።»

ካርቶኑ ያው የመምህር ያሬድ ካርቶን ነበር። ቀዩና ሰማያዊው መኪና ውስጡ አሉ፤ ጎማቸው በክብደት እንዳይጎብጥ እያንዳንዳቸውን በሁለት እንጨት ላይ አሳርፏቸዋል። ድንጋያቸው አሲድ እንዳይተፋባቸው ወጥቷል፤ የሪሞቶቹ አንቴና በጨርቅ ተጠቅልሏል። ለሰው ዕቃ እንዲህ ይጠነቀቃል ያልኩት ለካ ለእኔ ነው የተጠነቀቀው። «ቀዩን በየዓመቱ ዘይት አስነካዋለሁ» አለ ኑሩ፣ «አባታችን ባለቤቱ ይመጣል እያለ።»

ቀይ ክር ያላትን ክሪስታል ከጥቅሏ አውጥቼ መኪናው ሆድ ውስጥ ልሰካት ስል ሰይድ እጄን ያዘ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

እኔ፣ ቀን የማልስተው ሰው፣ በጣቴ ቆጠርኩ። «ሃያ።»

«ዛሬ እዚህ ታድራለህ፤ ነገ ሜዳው ላይ ሰው አለ፣ እዚያ እንነዳቸዋለን።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው እያመለከተ «ኑሩ፣ ማርያምን አውርዳት» አለ። ሃያ አንድ ቁጥር መያዣ ወረደች። ሰይድ በአንድ ዐይኑ እያየ፣ የሪሞቱን ክሪስታል፣ ያችን የቀይ ክሯን ጥንድ፣ ከውስጧ አወጣ፤ ከኪሱ የማስቲካ ወረቀት ፈልጎ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለላቸውና ጳጉሜን ውስጥ አስቀመጣቸው።

«ነገ ማርያም ናት፣ ጌቴ» አለኝ። «የሚያስፈልገንን ዛሬ እናውጣ።»